«አትላኩልኝ» ላለ ሁሉ ሐላዋ ይዘው የሄዱት ሰው

አሚ ጣሃ መሞታቸውን ያወቅሁት ከፍራሽ ማስታወቂያ ሥር ነው። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ሁለት ኢሜይል ተደርድሮ ጠበቀኝ። የላይኛው ድሮ ከሠራሁበት ሱቅ የመጣ ነው፤ «ውድ ሰዓዳ! ለአንቺ ብቻ የተዘጋጀ ልዩ ቅናሽ!» ይላል። ለእኔ ብቻ እኮ ነው! ያን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ራሴ ስለሆንኩ፣ በዚያች ደቂቃ እዚህ በየመኗ ዓደን ውስጥ ስንት መቶ ሰው «ለእርስዎ ብቻ» እንደተባለ በደንብ አውቃለሁ። የታችኛው ከአብላ ረውዳ ነው፤ መንሱራ ሰፈር የምታስተምር የድሮ ደንበኛችን ናት፤ አብላ እዚህ መምህርት ማለት ነው። «ሰዓዳ፣ አሚ ጣሃ ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ አኺራ ሄዱ። እዚያው ሰፈራቸው ሰላሕ አድ-ዲን ተቀብረዋል። ምናልባት አልሰማሽ ይሆናል ብዬ ነው» ትላለች።

ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አልሰማሁም። ከማን እሰማለሁ? ከመንሱራ እስከ ሰላሕ አድ-ዲን በዳባብ፣ በሚኒባሳችን ማለቴ ነው፣ ሩቅ መንገድ አይደለም፤ እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመት ደጃቸውን አልረገጥኩም። ያልረገጥኩት ስላፈርኩ ነው። ምን እንዳሳፈረኝ ልናገር፤ ከእንግዲህ ማንን እፈራለሁ?

አሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ ዝምድና ግን የለንም። እሳቸው የድሬዳዋ ልጅ ናቸው፤ እኔ የኮምቦልቻ። የሁለታችንም አባት የመናዊ፣ የሁለታችንም እናት ሐበሻ፤ ያ ለአሚነት በቂ ነበር። ገና ጢም ሳያወጡ ዓደን መጥተው በእንግሊዞቹ ጊዜ የወደብ ክራኒ ሆኑ፤ ክራኒ እዚህ ጸሐፊ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ሲሄዱ ሁለት ነገር ትተውላቸዋል፤ ደረት ኪሳቸው ላይ የማይጠፉ ሁለት እስክሪብቶዎችና «ኦል ራይት» የምትል ቃል። ሲደሰቱ ኦል ራይት፣ ሲናደዱ ኦል ራይት፣ በሐምሌ ሙቀት መብራት ጠፍቶ ፋኑ ቀጥ ሲል ኦል ራይት። የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ፊታቸውን ማየት ነበረብኝ።

ኮምፒዩተር ተምሬ ስለነበር መንሱራ፣ ፍራሽና መጋረጃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጠርኩ። ይህ ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ እያንቋረረ በሚገባበት ጊዜ። አሚ ጣሃ ባንኮኒው ጥግ ከሱቁ ጋር አብረው የተከፈቱ ይመስል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሥራቸው መዝገብ መያዝ ነበር። የገባውን ሰው ስም፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ፍራሹን ለማን እንደገዛ ይጽፋሉ። «ለአማቱ፣ ወገቧን ያማታል» ብለው ይጽፉና ሰውየው በዓመቱ ሲመጣ «የአማትህ ወገብ እንዴት ሆነ?» ይሉታል። ሰውየው ሊደነግጥ ይደርሳል፤ አማቱን እሱ ራሱ ረስቷታላ!

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያቺ ወንበር ቤታቸው ሆናለች። አንድ ቀን ጁምዓ «ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ» ብላቸው፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቤት ስውል ማንም ስሜን አይጠራኝም። እስከ ማታ ጣሃ መሆኔን እረሳዋለሁ» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ታዲያ የባለቤቱ ልጅ ፉአድ ዱባይ ሄዶ የሦስት ቀን ኮርስ ወስዶ መጣ። በሦስት ቀን ለአራስ ልጅ እንኳ ስም አይወጣለትም፤ እሱ ግን «የኢሜይል ግብይት ባለሙያ» የሚል ሰርተፍኬት በመስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ፣ ከቁርኣኑ ጥቅስ ከአያተል ኩርሲው አጠገብ ሰቀለ። ፉአድ አማርኛ አያውቅም፤ ንግግሩን እኔ እንደሚመቸኝ ተርጉሜዋለሁ። ካጣመምኩትም ይበለው።

ሰብስቦን ነጭ ሰሌዳ ላይ አንድ ትልቅ ፈነል ሣለ፤ ጋዝ ወደ ጠርሙስ የምንገለብጥበትን ዓይነት። «ከላይ ሺህ ሰው ይገባል። ከሺው የተወሰነው ኢሜይሉን ይከፍታል፣ ከከፈተው የተወሰነው ዋጋ ያያል፣ በመጨረሻ ከታች ሠላሳው ይገዛል። ይህ ከንቨርሽን ሬት ይባላል፤ ከመቶ ሦስት።»

አሚ ጣሃ እጃቸውን አወጡ። «ያ ፉአድ፣ ጋዝ በፈነል ስንገለብጥ የገባው ሁሉ ነው የሚወጣው። ከላይ ሺህ ገብቶ ከታች ሠላሳ ከወጣ የቀረው የት ፈሰሰ?»

«ቀረ ነው እንጂ ፈሰሰ አይባልም።»

«ሰው ነው ወይስ ጋዝ ነው? ሰው ከሆነ የት እንደቀረ ይጠየቃል።»

በፉአድ ኮርስ ይህ ጥያቄ አልተነሣም መሰለኝ፤ ፈነሉን በቀይ አደመቀው።

ከዚያ አድራሻ መሰብሰብ ሆነ። የአሚ ጣሃ መዝገብ ባይኖር ፉአድ ማንንም አያገኝም ነበር። እሳቸው ለሰው ሁሉ እየደወሉ፣ ጎራ ያለውን እያስቆሙ፣ ኢሜይል የሌለውን የልጁን፣ ልጅ የሌለውን የጎረቤቱን እየጻፉ ስድስት መቶ አድራሻ ሞሉ። ፉአድም «የደንበኞች ግንኙነት ኃላፊ» ብሎ ሾማቸው። ሹመቱ ወንበሯን አልለወጣትም፤ እሳቸው ግን ሦስተኛ እስክሪብቶ ጨመሩ።

በየሐሙሱ እኔ ጽፌ እልካለሁ። ሲስተሙ ማን እንደከፈተ ይቆጥራል፤ የገዛውንም ሰው ስም ስናስገባለት ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረ ይመዘግባል። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ የገዛውን ሰው ዝርዝሩ ላይ ላለው ሰው ታካፍላለህ፣ ከመቶ ስንት እንደሆነ ታያለህ። በመጀመሪያው ወር ከስድስት መቶ ስድስት ሰው ገዛ። ከመቶ አንድ ማለት ነው። ፉአድ ፊቱ ጠቆረ፤ አሚ ጣሃ መነጽራቸውን አድርገው ስድስቱን ስም አንድ በአንድ አነበቡ።

«ይቺ ኡም ነቢል ናት። ልጇን ልትድር ነው የገዛችው። ኢሜይሉ ነው ወይስ ሰርጉ ያመጣት?»

«ሲስተሙ ኢሜይሉ ነው ይላል» አለ ፉአድ።

«ሲስተሙ ሰርጉ ላይ ተጠርቷል?»

ሳቄን ለመያዝ ከባንኮኒው ሥር ገባሁ። ፉአድ ግን አልሳቀም። ሰሌዳው ላይ «ከመቶ ሦስት — እስከ ዐረፋ» ብሎ ጻፈና «እስከ ዐረፋ ዋዜማ ሦስት ካልሞላ፣ ይህን ክፍል እዘጋለሁ። ወንበሩንም አነሳለሁ» አለ። ዐረፋ ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። አሚ ጣሃ «ኦል ራይት» አሉ። ፊታቸውን አየሁት፤ የፈራ ሰው ኦል ራይት ነበረች።

በዚያው ሳምንት ነው ጉዱ የመጣው። ከእያንዳንዱ ኢሜይል ግርጌ፣ ፉአድ ዱባይ በተማረው መሠረት፣ «መልእክታችን እንዳይደርስዎ ከፈለጉ እዚህ ይጫኑ» የምትል ደቃቃ መስመር አለች። አንድ ሰው ተጫናት። ስሙን ለአሚ ጣሃ አነበብኩላቸው፤ አብላ ረውዳ ነበረች። ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ምን አደረግናት?»

«ምንም አሚ። አትላኩልኝ ነው ያለችው። ሰው ይላል።»

«ሰው በባዶ ሜዳ አትላኩልኝ ይላል? ሰላምታችሁን አልፈልግም ማለት እኮ ነው! ይህ ቅያሜ ነው።» ኮታቸውን ከፉጣቸው ላይ ደረቡ፤ ፉጣ ወንዶቹ የሚያገለድሟት ሽርጥ ናት። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩን ሓጅ ዐወድን ከእነመቀሳቸው አስጠሩ። «አንቺም ተነሽ፤ የሴት ቤት ነው፣ ከፊት ትገቢያለሽ።» ከላሕጅ ከተማ የሚመጣውን ጣፋጭ፣ ሐላዋ፣ አስገዝተው በሽምግልና ሄድን። ወላሂ እውነቴን ነው! ኢሜይል አልፈልግም ላለች ሴት ሽምግልና!

አብላ ረውዳ በሩን ከፍታ ሁለት ሽማግሌና አንዲት ሐላዋ የያዘች ሴት ስታይ እህቷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ መሰላት። ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ አፈረች፤ ከዚያ ግን እንባዋ መጣ። ለካ ከዓመት በፊት የገዛችው ፍራሽ ሽቦው ወጥቶ እናቷን ወግቷቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ለሱቁ ጽፋ መልስ አላገኘችም። የሚደርሳት «ውድ ደንበኛችን፣ ለእርስዎ ብቻ!» ነው። «እናቴ በጎናቸው መተኛት አቅቷቸው እናንተ በየሐሙሱ እንኳን ደስ ያለሽ ትሉኛላችሁ» አለች።

አሚ ጣሃ ተነሥተው እናትየውን በሴቶቹ ክፍል መጋረጃ በኩል ይቅርታ ጠየቁ። በማግስቱ አዲስ ፍራሽ ተለወጠላቸው። በሦስተኛው ቀን አብላ ረውዳ መጥታ የቤቷን መጋረጃ ሁሉ ከእኛ ገዛች። እኔ በሩጫ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄድኩ። «አሚ፣ ወደ ዝርዝሩ ልመልሳት?»

«ሴትየዋ አትላኩልኝ ብላለች። ታረቅን ማለት ቃሏን እናጥፋለን ማለት አይደለም» አሉ። ያኔ አልገባኝም፤ የራሳቸውን ጉድጓድ በዚያች ቃል መቆፈር ጀምረው ነበር።

ከዚያ ወዲያ «አትላኩልኝ» ያለን ሁሉ በየቤቱ ማዳረስ ጀመርን። የዓሣ አጥማጆቹ መንደር ፉቁም ድረስ ሄደናል። እዚያ ናኹዳ ሳሊም የሚባሉ የጀልባ አለቃ ተጭነውት ነበር። ሓጅ ዐወድ ዳባቡ ላይ ሙሉ መንገዱን ስለ ይቅርታ ንግግር ሲያጠኑ መጡ። ናኹዳው መረብ ሲጠግኑ ደረስን፤ ምን እንዳስቀየማቸው ስንጠይቅ መረቡን ጣሉት።

«ምን ቅያሜ? ደብዳቤ ሲደርስ ደርሶኛል ተብሎ አይፈረምም እንዴ? ከታች ያለችውን ተጫንኳት፤ አደብ ነዋ!»

ቅያሜ አልነበረም። ሓጅ ዐወድ ግን ያጠኑት ንግግር እንዳይባክን አንድም ቃል ሳያስቀሩ ተናገሩት፤ ናኹዳውም ያልተቀየሙትን ይቅር አሉ። ሻይ በወተት ጠጣን፣ ሐላዋውን በላን። «ለዐረፋ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ይመጣል» ብለው የእንግዳ ፍራሽ አዘዙ፤ እኔም አንድ ትልቅ ዓሣ ጭኔ ላይ አስቀምጠውልኝ፣ ዳባብ ሙሉ ሰው አፍንጫውን እየያዘ መንሱራ ገባሁ።

አብላ ረውዳ ደግሞ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አወራች። በሚቀጥለው ሐሙስ ሰባት መምህራን በአንድ ቀን ተጫኑት። ደንግጬ «አሚ፣ አለቅን!» ብል «ሂጂ ሐላዋውን ጨምሪ» አሉኝ። ስንሄድ ሻዩ ተፈልቶ፣ ሳሎኑ ተነጥፎ ይጠብቀናል። አንዷማ «ምነው ዘገያችሁ? ከተጫንኩት እኮ አራት ቀኔ ነው!» ብላ ተቆጣችን። ሰው የሚጫነው እንድንመጣለት ሆነ። አሚ ጣሃም ይህን ዐውቀው «አየሽ፣ ከስድስት መቶው ደብዳቤውን እስከ ታች ድረስ ማንበቡን እርግጠኛ የምሆነው በዚህ ሰው ነው። ታዲያ ለዚህ ሰው ቤቱ ካልሄድኩ ለማን ልሄድ?» አሉኝ። አስቤው አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም ከግብይት አዋቂዎች አንዱ ሲለው አልሰማሁም።

የተጫነው ሁሉ ገዛ ማለት አይደለም። ግን ገዙ። በልቤ እየቆጠርኩ ሃያ ስድስት ደረስኩ። ፉአድ የሚፈልገው ከስድስት መቶ ዐሥራ ስምንት ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ «አሚ፣ ወንበርዎ አትነካም!» እያልኩ እዘፍን ነበር። ዝንጉ!

የዐረፋ ዋዜማ ጠዋት ሪፖርቱን ሳወጣ ሲስተሙ የጻፈው ሌላ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው፦ አምስት መቶ ስድሳ። የገዛ፦ አምስት። የወጣ፦ አርባ። ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም። ሁለቴ አወጣሁት፣ ሦስቴ አወጣሁት። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ያ «እዚህ ይጫኑ» የሚባለውን የተጫነ ሰው ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ከዝርዝሩ የወጣን ሰው ሲስተሙ አያውቀውም። ሃያ ስድስቱ ፍራሻቸውን ተሸክመው ቤታቸው ገብተዋል፤ ለሲስተሙ ግን አልተወለዱም። አሚ ጣሃ ያስታረቁት ሰው ሁሉ የጠፋባቸው ሰው ሆኖ ተጽፏል።

ፉአድ ወረቀቱን ይዞ ጮኸ። «አርባ ሰው አስወጡብኝ! በሁለት ወር!»

«ሌሎችም ገዝተዋል እኮ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

«ከዝርዝሩ ናቸው?»

«ነበሩ።»

«‹ነበሩ› የሚል ሳጥን አለ ቅጹ ላይ?»

የለም። ፉአድ ግን ሽያጩን አይቷል፣ ዕውር አይደለም፤ ቀጥሎ ያለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እነዚያ በራሳቸው የመጡ ናቸው። ያለ አንድ ኢሜይል ሃያ ስድስት ደንበኛ! ማሻአላህ፣ ሱቁ ስም አለው ማለት ነው።» ለአባቱም እንዲሁ ብሎ ጻፈ። ለሱቁ ስም ምስጋና፣ ለአሚ ጣሃ ስንብት።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። መዝገቡን አውጥቼ ስማቸውን አንድ በአንድ፣ ቤታቸውን አንድ በአንድ፣ የጠጣነውን ሻይ በብርጭቆ ቁጥር መናገር እችል ነበር፤ እኔ ነኛ አብሬ የሄድኩት! አልተናገርኩም። የእኔ ወንበር ከእሳቸው ወንበር ቀጥላ ናት። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

አሚ ጣሃ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ግርጌው ድረስ አነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰዓዳ፣ ስሌቱ ልክ ነው?»

«ልክ ነው አሚ።»

«ኦል ራይት።»

ያቺን ኦል ራይት ፊታቸውን አይቼ ልለያት አልቻልኩም፤ ቀና ብዬ አላየኋቸውማ። መነጽራቸውን፣ የወንበራቸውን ትራስና ሦስቱን እስክሪብቶ ሰበሰቡ። ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ «አትላኩልኝ» ብለው ገና ያልደረስንላቸውን ሰዎች ስም። ስምንት ነበሩ። ጽፌ ሰጠኋቸው። ዐረፋው ካለፈ በኋላ ስምንቱም ቤት ሐላዋ ይዘው እንደሄዱ ሰማሁ። «አሁን የሱቁ ሰው አይደለሁም፤ ቅያሜው ግን በእኔ ጊዜ የመጣ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤታችን በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ፤ አሚ ጣሃና ሓጅ ዐወድ ናቸው። አሚ ኮታቸውን ደርበዋል፤ እጃቸው ላይ ሐላዋ አለ። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከወጡ ወዲህ አንዴም አልጠየቅኳቸው፤ እኔ ነኝ አሁን የቀረሁት፤ እኔ ነኝ አትላኩልኝ ያልኩት። እህቴን «የለችም በይ» ብዬ ማድቤት ገብቼ ተደበቅሁ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

«አላስቸግራትም ልጄ» አሏት እህቴን። «ምን እንዳደረግኳት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በደል ካለ ይቅር ትበለኝ በያት።»

ይቅር ልበላቸው! እኔ! ሐላዋውን ሰጥተው ሄዱ። እህቴ በላችው፤ እኔ መንካት አልቻልኩም። ነገ እሄዳለሁ፣ ለዒድ እሄዳለሁ፣ ረመዳን ሲወጣ እሄዳለሁ እያልኩ ጦርነቱ መጣ። ከሱቁም ወጣሁ። ጦርነቱ መንሱራ ላይ ስንቱን ቤት ሲያፈርስ ያን ዝርዝር ግን ጭረት እንኳ አልነካውም፤ ፉአድ የእኔንም ስም ጨምሮበት ይኸው ዛሬም «ለአንቺ ብቻ» ይለኛል።

የአብላ ረውዳን መልእክት አንብቤ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ የሱቁን ኢሜይል ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች ድረስ አነበብኩት፤ ፍራሹን፣ መጋረጃውን፣ ቅናሹን። ደቃቃዋ መስመር እዚያው ነበረች። ተጫንኳት። «ከዝርዝራችን ወጥተዋል። እናመሰግናለን» አለኝ፤ ሰከንድ አልፈጀበትም።

ተነሥቼ ሳሎኑን ጠረግሁ። ምንጣፉን አነጠፍኩ። ሻይ በወተት ጣድኩና አራት ብርጭቆ አጥቤ ደረደርኩ፤ ለአሚ፣ ለሓጅ ዐወድ፣ ለእህቴ፣ ለእኔ። እህቴ «እንግዳ አለ እንዴ?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። በሩን ገርበብ አድርጌ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ አሁን አልደበቅም ብዬ። ዐስር ተሰገደ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አሞቅሁት፤ እንደገና ቀዘቀዘ።

መግሪብ አዛን አለ። ማንም አልመጣም።